የፋርስ የጸሎት ስጋጃ፦ የንድፉ ምንጮችና የተሻገራቸው ድንበሮች

(በለቡ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዛሬው ርእሳችን ስለ ሩቅ አገር ቢመስልም መነሻው በአፋችን ውስጥ ያለ ቃል ነው። ወለል ላይ የሚነጠፈውን ጠጉራም ምንጣፍ ሁላችንም «ስጋጃ» እንለዋለን። ቃሉ የአማርኛ ተወላጅ ይመስላል፤ «ሰገደ» ካለው ግስ «መስገጃ» እንደሚወጣ ሁሉ ከዚያው የወጣ ነው ብንል የሚቃወመን ጥቂት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ግን መነሻውን ዐረብኛው «ሰጃዳ» ያደርጉታል፤ ትርጉሙም የሚሰገድበት ነገር፣ የጸሎት ምንጣፍ ማለት ነው። የዐረብኛው ግስና የግእዙ «ሰገደ» የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ሲሆኑ፣ ያው ሥር በአራማይክም ይገኛል። ስለዚህ ሳሎኑን ያለበሰበትን ምንጣፍ ስጋጃ ብሎ የሚጠራ ሰው፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሳያስበው የጸሎት ምንጣፍ ብሎ ጠርቶታል። ቱርኮችም ያንኑ ቃል በራሳቸው አንደበት «ሴጃዴ» ይሉታል። ፋርሶች ደግሞ በቋንቋቸው «ጃ ነማዝ» ማለትም «የጸሎት ስፍራ» ይሉታል።

ዛሬ የምናየው የፋርስን ጥንታዊ የጸሎት ስጋጃ ነው፤ በተለይም በላዩ የተሣለው ንድፍ ከየት እንደመጣ። ጥያቄው ለሙዚየም ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ በለቡ መብራት በኩል የሚያልፍ ሰው በየሱቁ ደጃፍ ተጠቅልለው የቆሙ ስጋጃዎችን ያያል። ብዙዎቹ በቱርክና በቻይና በማሽን የተሠሩ ናቸው፤ ንድፋቸው ግን ፋርሳዊ ስለሆነ ሻጩም ገዢውም «የፋርስ» ይላቸዋል። በአንጻሩ በአንዳንድ ቤት፣ በአንዳንድ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጥግ፣ በእጅ የተቋጠረ አሮጌ ስጋጃ ዋጋው ሳይታወቅ ይረገጣል፤ አዲስ የናይሎን ምንጣፍ ሲገባም ተጠቅልሎ ይጣላል። ሁለቱንም የሚያመጣው አንድ ስሕተት ይመስለኛል፤ ሥዕሉንና እጁን አለመለየት። ሥዕል ይሄዳል። ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከሃይማኖት ወደ ሃይማኖት፣ በወረቀት፣ በሳንቲም፣ በስጦታ ይሄዳል። የሸማኔው እጅ ግን ባለበት ይቀራል። የፋርስ የጸሎት ስጋጃ ታሪክ የዚህ ልዩነት ታሪክ ነው፤ በንግግሬ ውስጥ ደጋግሜ ወደዚህ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እስልምና ለሶላት ስጋጃን ግዴታ አላደረገም። የሚፈለገው ቦታው ንጹሕ መሆኑ ነው፤ በነቢዩ ዘመን ባዶ መሬት ላይ ይሰገድ ነበር፤ ሐዲሶችም ነቢዩ ከዘንባባ ቅጠል በተሠራች ትንሽ ምንጣፍ ላይ ይሰግዱ እንደነበር ይተርካሉ። ያቺ ምንጣፍ እኛ ሰሌን የምንለው ዐይነት ናት። የወሎ ሽማግሌዎች በአጎዛና በቁርበት ላይ ሲሰግዱ የኖሩት ከዚህ ልማድ ጋር የሚስማማ ነው፤ ጉድለት የለበትም። ታዲያ ግዴታ ካልሆነ፣ በስጋጃ ላይ ቅስት የመሣል ልማድ ከየት መጣ? አብዛኛው የጸሎት ስጋጃ በአንድ ጫፍ ሾጥጦ ወይም ክብ ሆኖ የሚያልቅ ቅስት አለው፤ ቅስቱ ወደ መካ ይዞራል፤ ሰጋጁ ግንባሩን በዚያ በኩል ያሳርፋል። ቅስቱ ሚሕራብን፣ ማለትም በመስጊድ ግድግዳ ላይ የሰጋጆችን አቅጣጫ የሚያመለክተውን ጎድጓዳ ቦታ ያሳያል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሚሕራቡ ራሱስ?

በግድግዳ ውስጥ የተቦረቦረ ሚሕራብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው የመዲና መስጊድ ከ706 እስከ 709 በኸሊፋ አል ወሊድ ዘመን ሲታደስ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በሥራው ከተሳተፉት መካከል የግብፅ ቅብጥ ግንበኞች ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሙስሊሞች ቅርጹን የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው ብለው ቅር እንደተሰኙበትም ተጽፏል። ቅሬታው መሠረት ነበረው። በዓምዶች ላይ የቆመ ቅስት በዚያ ዘመን የተከበረ ነገር ሁሉ መግለጫ ነበር። የፋርስ ሳሳናውያን ነገሥታት በክቴሲፎን ያቆሙት ታላቅ የጡብ ቅስት ዛሬም ድረስ ባግዳድ አጠገብ ይታያል። በእኛ በኩል ደግሞ በዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁትን ወንጌሎች እናንሣ። የብራናቸው የካርቦን ምርመራ በአራተኛውና በሰባተኛው ክፍለ ዘመን መካከል ያደርጋቸዋል። በመጀመሪያ ገጾቻቸው የአውሳብዮስ ሰንጠረዦች በዓምዶች በተደገፉ ያጌጡ ቅስቶች ሥር ተጽፈዋል፤ በቅስቶቹም ላይ ወፎች ቆመዋል። ገጹን ገልጦ የሚያይ ሰው ወደ መቅደስ የሚያስገባ በር ፊት የቆመ ይመስለዋል። የጸሎት ስጋጃ ሲዘረጋም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሰጋጁ በበር ፊት ይቆማል። ከገሪማ ገጽ ወደ ፋርስ ስጋጃ የሄደ ቀጥተኛ መንገድ አለ ማለቴ ግን አይደለም። ሁለቱም ከአንድ የቆየ የጋራ ግቢ የወጡ ናቸው፤ የዚያ ግቢ ባለቤት አንድ ሕዝብ ወይም አንድ ሃይማኖት አልነበረም።

ስለ ቃሉም ክርክር አለ። «ሚሕራብ» ከግእዙ «ምኵራብ» ጋር ይዛመዳል ያሉ አውሮፓውያን የቋንቋ ሊቃውንት ነበሩ፤ ሌሎች ደግሞ መነሻውን በጥንታዊው የደቡብ ዐረብ ቋንቋ ይፈልጋሉ። እኔ በዚህ ክርክር ዳኛ ለመሆን አልቃጣም፤ የድምፅ ሕጉ ለመጀመሪያው ወገን ያስቸግራል። ሆኖም ክርክሩ መኖሩ ብቻ ቀይ ባሕር ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ያስታውሰናል።

ከቃሉ ይልቅ እኔን የሚስበኝ አንድ ሳንቲም ነው። በኸሊፋ አብዱልመሊክ ዘመን፣ በ690ዎቹ አጋማሽ ገደማ የተመታ የብር ዲርሀም አለ። በአንድ ፊቱ በሳሳናውያን ልማድ የተሣለ ዘውድ የጫነ ሰው ይታያል። በሌላው ፊት የፋርስ ሳንቲሞች ብዙውን ጊዜ የእሳት መሠዊያና ሁለት ጠባቂዎች ነበሯቸው፤ በዚህ ላይ ግን መሠዊያው ተነሥቶ በሁለት ዓምዶች ላይ የቆመ ቅስት ገብቷል፤ በቅስቱ መካከል አንድ ጦር ቆሟል። ጆርጅ ማይልስ የተባለ የሳንቲም ሊቅ በ1952 ይህን «ሚሕራብና ዐነዛ» ብሎ ተረጎመው። ዐነዛ አጭር ጦር ነው። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ዐነዛው ለነቢዩ የተላከው ከሐበሻው ንጉሥ ከነጃሺ ነበር፤ በበዓል ቀን ከፊታቸው ይዞት የሚሄደው ሐበሻዊው ቢላል ሲሆን፣ በመስገጃው ሜዳ ላይ በፊታቸው ተተክሎ የጸሎቱን አቅጣጫ ያመለክት ነበር። በኋላ የመጡ ሊቃውንት የማይልስን ትርጉም ተጠራጥረዋል፤ በሳንቲሙ ላይ ያለው ቅስት ገና ሚሕራብ አይደለም፣ የክብር ቦታ መግለጫ ነው የሚሉ አሉ። ጥርጣሬያቸው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የተቦረቦረው ሚሕራብ ሳንቲሙ ከተመታ ከዐሥር ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ያም ሆኖ በአንድ የፋርስ ቅርጽ ባለው የብር ቁራጭ ላይ፣ የእሳት መሠዊያ በነበረበት ስፍራ፣ ቅስትና ጦር አብረው ቆመዋል። ጦሩ የነጃሺው ይሁን አይሁን፣ በኋላ በስጋጃ ላይ የሚሰፋው ሥዕል አጥንቱ በዚያን ጊዜ ተሰናድቶ ነበር።

ቅስቱ ባዶ አልቀረም። በብዙ የጸሎት ስጋጃዎች ላይ ከቅስቱ ጫፍ ቀንዲል ተንጠልጥሎ ይታያል። ይህ በቁርኣን የብርሃን አንቀጽ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በዚያ የአምላክ ብርሃን በግድግዳ ጎድጓዳ ውስጥ ባለ መብራት ተመስሏል። በፋርስ ይህን ሥዕል ከሸማኔው በፊት ያዳበረው ሸክላ ሠሪው ነው። በካሻን ከተማ የሚሠሩት አብረቅራቂ ሸክላዎች በጣም የታወቁ ስለነበሩ ፋርሶች ለግድግዳ ሸክላ የሚሰጡት ስም ራሱ ከከተማይቱ ስም የወጣ ነው። በ1226 ለካሻን መስጊድ የተሠራ፣ ሠሪው ሐሰን ኢብን ዐረብሻህ ስሙን ያኖረበት ሙሉ የሸክላ ሚሕራብ ዛሬ በበርሊን የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ቅስት በቅስት ውስጥ፣ ዓምድ፣ ሐረግ፣ በዙሪያውም ጽሕፈት፤ የኋለኛው ዘመን የጸሎት ስጋጃ ሙሉ አቀማመጡ በዚያ አለ። ሸማኔው ግድግዳውን ወለል ላይ አወረደው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ታላቅ ምንጭ የአትክልት ስፍራ ነው። የቋጠሮ ምንጣፍ ከእስልምና እጅግ ይቀድማል። ሰርጌይ ሩደንኮ የተባለው ሩሲያዊ የመሬት ቁፋሮ ሊቅ በ1949 በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለ ሸለቆ፣ በበረዶ በታሸገ መቃብር ውስጥ ያገኘው ምንጣፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ወይም በአራተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ከሰማንያ ገደማ ሲሆን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቋጠሮ አለው። እንዲህ ያለ የበሰለ ሥራ የመጀመሪያ ሙከራ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው። በሳሳናውያን ዘመን ደግሞ የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች «የኾስሮው ጸደይ» ስለተባለ ግዙፍ ምንጣፍ ይተርካሉ፤ ወራጅ ውሃ፣ ዛፍና አበባ በወርቅና በዕንቍ ተሠርተውበት በክረምት ለንጉሡ ጸደይን ያመጣለት ነበር። በ637 ክቴሲፎን ስትያዝ ምንጣፉ ተቆራርጦ ለዘማቾች ተከፋፈለ። ምንጣፉ ጠፋ፤ ሐሳቡ ግን ቀረ። በፋርስ ስጋጃ ላይ በቅስቱ ውስጥ ዛፍ ወይም የአበባ ማሰሮ ስታዩ፣ የመስጊዱ በር ወደ አትክልት ስፍራ ተከፍቷል ማለት ነው። ለሰጋጁ ያ አትክልት ጀነት ነው፤ ለንድፍ አውጪው ግን የንጉሥ ግቢም ነበር።

ወደ ሳፋውያን ዘመን፣ ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን እንምጣ። በ1539 እና 40 የተሠራው፣ የካሻኑ መቅሱድ ስሙን ያኖረበት የአርደቢል ስጋጃ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ ርዝመቱ ከዐሥር ሜትር ተኩል በላይ ነው። የአንድ ሰው መስገጃ ሳይሆን ለአርደቢል መካነ መቃብር የተዘጋጀ ነው፤ ከመካከለኛው ክብ ንድፍ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉት ሁለት ቀንዲሎች ግን ስጋጃና የጸሎት ቤት እንዴት እንደተሳሰሩ ያሳያሉ። የዘመኑ የአንድ ሰው የጸሎት ስጋጃዎች ከዚህ በላይ አከራካሪ ናቸው። በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የሚገኙ፣ በቅርጽም በአሠራርም የሚመሳሰሉ፣ በሱፍ፣ በሐርና በብር ክር የተሠሩ፣ በጠርዛቸው የቁርኣን አንቀጾች የተጻፉባቸው ስጋጃዎች አሉ። ጆርጅ ሳልቲንግ የተባለው ሰብሳቢ በ1909 ሲሞት ለለንደኑ ሙዚየም ባወረሰው ተመሳሳይ ስጋጃ ምክንያት ወገኑ በሙሉ በስሙ ይጠራል።

በእነዚህ ስጋጃዎች ላይ ሊቃውንት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተከራክረዋል። ቀለማቸው በጣም የደመቀ፣ ይዞታቸውም በጣም የተጠበቀ ስለነበረ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኢስታንቡል አካባቢ የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው የሚለው አስተያየት ለረጅም ጊዜ ገኖ ነበር። ሌላው ወገን በአንዳንዶቹ ላይ የሺዓ ጸሎት መጻፉን አመለከተ፤ ለሱኒው ሱልጣን በራሱ ከተማ የሚሠራ ሸማኔ እንዲህ ያለ ነገር ለምን ይጽፋል? ይልቁንም ሻህ ጠህማስብ በ1568 ለሱልጣን ሰሊም ሁለተኛ ታላቅ መልእክተኛ ልኮ ነበር፤ ከስጦታዎቹም መካከል ዝነኛው የሻህናሜ መጽሐፍና በርካታ ስጋጃዎች ነበሩ። በዚያ ወይም በተመሳሳይ አጋጣሚ የመጣ ስጦታ ከሆነ፣ ሳይረገጥ በግምጃ ቤት መቀመጡ ድምቀቱን ያስረዳል። በኋላ የተደረገው የቀለም ምርመራ ለጥንታዊነታቸው አደላ፤ ዛሬ ብዙዎች ሳፋዊ መሆናቸውን ይቀበላሉ። ከዚህ ክርክር የምንማረው ሥዕሉ ጉዳዩን አለመፍታቱን ነው። ተመሳሳይ ሥዕል በ1560ዎቹም በ1860ዎቹም ሊሣል ይችላል። ነገሩን የፈታው የክሩ ቀለም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ፋርስ የስጋጃ አገር ከሆነች፣ የጸሎት ስጋጃ በአናቶሊያ ከፋርስ ይልቅ በብዛት የሚገኘው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ከሥርዐተ ጸሎት የመጣ ይመስለኛል። በሺዓ ሕግ ግንባር ማረፍ ያለበት በመሬት ላይ ወይም ከመሬት በበቀለ፣ በማይበላና በማይለበስ ነገር ላይ ነው። ሱፍ ይህን አያሟላም። ስለዚህ ሺዓው ሰጋጅ ከካርባላ ወይም ከመሰል ቅዱስ ስፍራ አፈር የተሠራች ትንሽ የሸክላ ቁራጭ ከፊቱ ያስቀምጣል፤ ግንባሩን የምትቀበለው እርሷ ናት። ስጋጃው አጃቢ ይሆናል። በየዕለቱ የሚሰገድባቸውን ስጋጃዎች በብዛት የሠሩት በዚያው በፋርስ ድንበር ውስጥ የሚኖሩት ሱኒዎች፣ በተለይም በምሥራቅ በኾራሳን የሚገኙት ባሉቾችና በሰሜን ምሥራቅ ያሉት ቱርክመኖች ናቸው። የባሉች መስገጃ ትንሽ ነው፤ መደቡ ብዙ ጊዜ የግመል ጠጉር ቀለም አለው፤ ቅስቱ ሾጣጣ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፤ ውስጡም ቅጠሎቹ ቀጥ ያሉ የሕይወት ዛፍ ይቆማል። በአንዳንዶቹ ላይ ከቅስቱ ግራና ቀኝ ባሉት ማዕዘኖች ሁለት መዳፎች ተሠርተዋል፤ ሰጋጁ ሲሰግድ እጆቹ የሚያርፉበት ስፍራ ነው። ከቤተ መንግሥት ሐር ይልቅ እኔ እነዚህን እወዳለሁ። ንድፉን ያወጣው ሸማኔው፣ ይልቁንም ሸማኔዋ ናት፤ ባሉቾች ዘንድ ሥራው የሴቶች ነውና።

የፋርስ የጸሎት ስጋጃ ከምዕራብና ከሰሜን ብቻ አልተበደረም፤ ከሕንድም ተቀብሏል። በሺራዝ አካባቢ የሚኖሩት ቃሽቃዪዎች በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሠሯቸው በብዙ አበባ የተሞሉ ስጋጃዎች አሉ። ከመካከል ከአንዲት ማሰሮ አበባ ይፈላል፤ በግራና በቀኝ ጠርዝ የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዛፍ ግማሽ ግማሹ ይቆማል። የዚህ ንድፍ አባት በሕንድ ሙጋሎች ቤተ መንግሥት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው፣ በቅስት ውስጥ አንድ አበባ ከነሥሩ የቆመበት ስጋጃ ነው። የሙጋል ሠዓሊዎች አበባን እንዲያ እንደ ተፈጥሮው መሣልን ያዳበሩት በንጉሥ ጃሃንጊር ዘመን ሲሆን፣ ከአውሮፓ በመጡ የዕፀዋት መጻሕፍት ሥዕሎችም ተመርኩዘዋል። ከሠዓሊዎቹ ሁሉ ዝነኛው መንሱር ነበር። በ1621 መንሱር የሣላት የሜዳ አህያ ዛሬ በዚያው በለንደኑ ሙዚየም አለች። እንስሳዪቱ የመጣችው ከኢትዮጵያ ነው፤ ጃሃንጊር ቀለም የተቀባች መስሎት ገላዋን እንዳስመረመረ በማስታወሻው ጽፏል፤ ኋላም ለፋርሱ ሻህ ዐባስ በስጦታ ላካት። ከእኛ ሜዳ የወጣች አህያ በሕንድ አድርጋ ፋርስ ገባች። የአበባው ንድፍም በዚያው የስጦታና የንግድ መንገድ ነው የገባው፤ አንዳንዶች ናዲር ሻህ በ1739 ዴልሂን ሲዘርፍ እንደመጣ ይናገራሉ፤ እኔ ግን ንግድ ከዘረፋ በፊትም በቂ እንደነበረ አምናለሁ።

ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን በአጭሩ እናገራለሁ፤ ዛሬ በዓለም ገበያ «ጥንታዊ የፋርስ የጸሎት ስጋጃ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው የዚህ ዘመን ሥራ ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የታብሪዝ ነጋዴዎች ለአውሮፓና ለአሜሪካ ማሠራት ጀመሩ፤ የማንቸስተሩ የዚግለር ኩባንያም በሱልጣናባድ ገባ። የታብሪዝና የሄሪዝ የሐር መስገጃዎች፣ ለስላሳዎቹ የካሻን ሥራዎች በብዛት ለስግደት አልተሠሩም፤ ለአውሮፓውያን ግድግዳ ነው የተሠሩት። በዚሁ ወቅት በ1856 በእንግሊዝ የተፈለሰፈው የኬሚካል ቀለም ፋርስ ደርሶ ስለነበረ፣ ርካሹ ቀይና ሐምራዊ ቀለም ሲታጠብ እየለቀቀ ሥራውን አዋረደ፤ የቃጃር መንግሥትም ማስገባቱን እስከ መከልከል ደረሰ። የጸሎት ሥዕል ለማይጸልይ ሰው መሸጡ ግን አዲስ ጭንቀት አልነበረም። በ1610 የኦቶማን ሱልጣን ለኩታሂያ ሸማኔዎች በላከው ትእዛዝ ሚሕራብን፣ ካዕባንና ቅዱስ ጽሕፈትን በስጋጃ ላይ መሥራትን አግዷል፤ ምክንያቱም ስጋጃዎቹ ለሌላ እምነት ሰዎች ይሸጡ ነበርና። እገዳው ምን ያህል እንደሠራ ከዚያ በኋላ የተሠራው የስጋጃ ብዛት ይመሰክራል።

አሁን ወደ እጁ እንመለስ። የፋርስ ሸማኔ ስጋጃን የሚሠራው በቆመ እንጨት ላይ ድር ወጥሮ ነው። በየሁለቱ የድር ክር ላይ አጭር የሱፍ ክር ይቋጥራል፤ አንድ ረድፍ ሲሞላ ማግ ያሳልፋል፤ በብረት ማበጠሪያ ይመታዋል፤ ጠጉሩን ይከረክማል። ቋጠሮው ሁለት ዐይነት ነው። በአንዱ ክሩ ሁለቱንም ድሮች እኩል ይጠመጥማል፤ ይህ «የቱርክ» ይባላል። በሌላው አንዱን ድር ሙሉ ጠምጥሞ በሁለተኛው ሥር ያልፋል፤ ይህ «የፋርስ» ይባላል፤ ሰንነ በተባለች የኩርዶች ከተማ ስምም ይጠራል። የሚያስገርመው የሰንነ ሸማኔዎች የሚቋጥሩት የቱርኩን ነው፤ የገበያ ስም እንዲህ ያሳስታል። አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከሰማንያ የሆነ ጥሩ መስገጃ በካሬ ሴንቲሜትር ሃምሳ ቋጠሮ ቢኖረው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቋጠሮ ይሆናል። ጎበዝ ሸማኔ በቀን ስምንት ሺህ ቢቋጥር 135 ቀን ይፈጅበታል ማለት ነው፤ ድር መወጠሩ፣ ክር መፍተሉና በኒል ወይም በሮማን ልጣጭ ማቅለሙ ሳይቆጠር።

ሥዕልንና እጅን የመለየቱ ነገር ለእኛም ቅርስ ይሠራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር ዘመን የተሠሩት የቤተ መቅደስ የሐር መጋረጃዎች ምስክር ናቸው። አንደኛው በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ ሌላው፣ ቁመቱ ከአምስት ሜትር የሚያልፈው፣ በቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ነው። ሐሩ ከውጭ የመጣ ነው። ሽመናው ግን ቀዳዳ ባላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ሰሌዳዎች እየዞሩ የሚሠራበት፣ በዓለም ላይ በዚህ መጠን አቻ የማይገኝለት ነው፤ ሥዕሎቹም የእኛው ካህናትና መሳፍንት ናቸው። ክሩን ብቻ ያየ «የውጭ ነው» ይላል፤ እጁን ያየ ግን ጎንደር ይላል።

በየቤታችሁ ስላሉት አሮጌ ስጋጃዎች በመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። በሐረር ከበር በላይ በተሰቀለ አግዳሚ ላይ ተጠቅልለው የሚቀመጡ ስጋጃዎች ለጋብቻ የደረሰች ልጅ በቤቱ እንዳለች ይናገራሉ ይባላል፤ ስለዚህ እንዲህ ያሉ ስጋጃዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፉ ይችላሉ። አንዱን ስታገኙ ከፊቱ በፊት ጀርባውን ገልብጡ። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ሥዕሉ ከጀርባም ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ እያንዳንዱ ቋጠሮም በመጠኑ ይለያያል። ዳር ያለውን ዘርፍ ጎተት አድርጉት፤ የድሩ ቅጥያ ከሆነ የእጅ ሥራ ነው፤ በኋላ የተሰፋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የማሽን ነው። ጠጉሩን በመዳፋችሁ ዳብሱ፤ የሚተኛበት አቅጣጫ ሽመናው ከየትኛው ጫፍ እንደጀመረ ይነግራችኋል። ጠጉሩን ከፈል አድርጋችሁ ሥሩን ተመልከቱ፤ ጫፉ ገርጥቶ ሥሩ ግን እጅግ የደመቀ ከሆነ የኬሚካል ቀለም ሊሆን ይችላል። ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ብታሹትና ቀለም ቢለቅ ያው ጥርጣሬ ይጠነክራል። በበረኪና አትጠቡት፤ በፀሐይ ላይም አታስጡት። ሊጣል የተጠቀለለ ካለ ፎቶግራፍ አንሡት፤ ርዝመቱንና ስፋቱን፣ ከማን እንደተወረሰና መቼ እንደመጣ ጻፉ፤ ያ ወረቀት ከስጋጃው ጋር ይቀመጥ።

ስጋጃ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ወደ ፊት አምጡት፤ ጥያቄዎቹን በእርሱ ላይ እየተመለከትን እንቀጥላለን።